አይሱዙው አጠገብ የቆመው ሰው

አንዲት ቁጥር ሰው ታስለቅሳለች ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። አቃቂ ውስጥ በአንድ ጠባብ ፀጉር ቤት፣ ግማሽ ራሱን የተላጨ የፋብሪካ ሠራተኛ ሳይቀር፣ ቤት ሙሉ ሰው ስታስለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሯን የተሳሳትኩት እኔ፣ ያረምኳትም እኔው ነኝ። ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ትዕግሥት ይባላል፤ ስሙን ያወጡልኝ ግን ጠባዬን ሳያዩ ነው። ከአንድ የግል ኮሌጅ በኮምፒውተር ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ ከረምኩና፣ በመጨረሻ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ጋሽ ሸምሱ በከፈታት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ተቀጠርኩ። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው። በአንዱ ወገን እሱ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል፤ በሌላው ወገን እኔ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ አሽጋለሁ። ኩራቴ ግን ከሱቋ ይሰፋ ነበር።

"ዲግሪ ይዤ መታወቂያ ላሚኔት ሳደርግ ልኑር?" እያልኩ ጠዋት ማታ እነጫነጫለሁ።

"ዲግሪሽንም አምጪው፣ እሱንም ላሚኔት እናርገው" ይለኛል ጋሽ ሸምሱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወልዴ መጡ። ጋሽ ወልዴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ዲጂታል ካሜራ ገዝተው የሰፈሩን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ዒድ፣ ጥምቀት፣ ኳስ ጨዋታ፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ መንገድ የሚሻገር ሰው ሲያነሱ ኖረዋል። የእህታቸው ልጅ አንድ በነፃ ፎቶ የሚያስቀምጥ የውጭ ድርጅት ዘንድ ድረ ገጽ ከፍቶላቸው ፎቶውን ሁሉ እዚያ ይጭኑ ነበር። በኋላ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣና ካሜራው ተሰቀለ።

"ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ። የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ።

መልእክቱ አጭር ነበር። ድርጅቱ ይዘጋል፤ ነገ ቅዳሜ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሲል ያለው ሁሉ ይጠፋል። ልጁ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶበት ገብቶ ማውጣት አልቻለም።

ጋሽ ወልዴ ስልኩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ኮምፒውተራቸውን የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ያጥለቀለቀ ጊዜ ጎርፍ ወስዶባቸዋል። "ጎርፉ የተወልኝን ደግሞ ፈረንጅ ሊወስድብኝ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ከኋላቸው የንግድ ፈቃዷን ኮፒ ልታስደርግ የቆመች ሴት ወደ ፊት ተጠጋች። ሰዓዳ ነበረች፤ ፊት ለፊታችን ጫማና ካልሲ የምትሸጥ የወሎ ልጅ።

"ጋሽ ወልዴ፣ የሰይድም ፎቶ እዚያው ነው ያለው?" አለች።

"እዚያው ነው እንጂ! አይሱዙው አጠገብ ያነሳሁት። የት ይሄዳል ብለሽ?"

ሰዓዳ ኮፒ ማድረጊያው ላይ ተደገፈች። ሰይድ ባሏ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በ2002 መስከረም አጋማሽ ላይ ደሴ መንገድ መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። መንጃ ፈቃዱም መታወቂያውም አብሮት ቀረ። ቤት የነበረውን የፎቶ አልበም ያ ጎርፍ ጭቃ አደረገው። ሰይድ ሲሞት ሰዓዳ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሂክማ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሂክማን ሁላችንም እናውቃታለን። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሱቅ ስትውል እሷ እኛ ዘንድ መጥታ በተበላሹ ኮፒዎች ጀርባ ላይ ትሥላለች። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትሥለው፤ ትልቅ መኪናና አጠገቡ የቆመ ሰው። ሰውየው እጅ አለው፣ እግር አለው፣ ቁልፍ የተደረደረበት ሸሚዝ አለው። ፊት የለውም።

"ፊቱንስ ለምን አትሥይለትም?" ብያት አውቃለሁ።

"አላየሁትማ" ነበር ያለችኝ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አነጋገር።

ያን ቀን ይህ ትዝ አለኝና አፌ ከእኔ ቀደመ። "እኔ አወርደዋለሁ! ሁሉንም አወርደዋለሁ! ነገ ጠዋት ኑ" አልኩ። ሰዓዳ እጄን ይዛ ሳመችው። ጋሽ ሸምሱ ከወዲያ ወገን፣ "አፍሽ ዳቦ ይቁረስ፤ እጅሽም አይጠር" አለ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ክፉ ዜና ወዲያው መጣ። የድረ ገጹ መግቢያ ፈርሷል። የፎቶ ዝርዝሩም የለም። ጋሽ ወልዴ ግን ኪሳቸውን በርብረው አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ፤ የእህታቸው ልጅ በሆነ ጊዜ የጻፈላቸው የአንድ ፎቶ ሙሉ አድራሻ። ጻፍኩት። ፎቶው ተከፈተ! ታቦት የሚያጅቡ ሰዎች። በሩ ተሰብሯል እንጂ ዕቃው ከቤት አልወጣም ማለት ነው።

የአድራሻው መጨረሻ 2001/05/11/07 ይላል።

"ጥር አሥራ አንድ፣ ጥምቀት፣ ሰባተኛው ፎቶ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "በሀገሬ አቆጣጠር አስቀምጥልኝ ብዬ ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር።"

ልቤ ዘለለ። እንግዲያው ስክሪፕት እጽፋለሁ! ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። "ከመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምረህ እያንዳንዱን አድራሻ አንኳኳ፤ ፎቶ ካለ ይዘህ ና፣ ከሌለ ቀጥል" ትሉታላችሁ፤ ሳይሰለች ያንኳኳል። ኮሌጅ ሳለን የተሰጠን ምሳሌ ፍላሽ ላይ ነበረኝ። ምሳሌው ወሩን ከ1 እስከ 12፣ ቀኑን ከ1 እስከ 31 ይቆጥራል። "የፈረንጅ ነዋ!" አልኩና 31ን አጥፍቼ 30 አደረግኳት። "የእኛ ወር ሠላሳ ነው፤ ሠላሳ አንድ የሚባል ጣጣ የለብንም" ብዬ ለጋሽ ሸምሱ ጉራዬን ነዛሁ። ይህችን ጉራ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

"መቼ ነው ያነሱት?" ስል ጠየቅሁ።

"2001 ነው፤ ካሜራውን በገዛሁ ዓመት" አሉ ጋሽ ወልዴ። ሰዓዳ ደግሞ "ክረምት ነበር። ሐምሌ ወይ ነሐሴ ይመስለኛል" አለች።

አስነሳሁት። ወዲያው ፋይል በፋይል ላይ ይደረደር ጀመር። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰዓዳ ሂክማን አቅፋ "አልሐምዱሊላህ" አለች። አንዱን ፋይል ከፈትኩ፤ አልተከፈተም። ሁለተኛውን፤ አልተከፈተም። አንዳቸውም። ሁሉም እኩል መጠን አላቸው፤ እፍኝ የማትሞላ። አንዱን በጽሑፍ መክፈቻ ስከፍተው ውስጡ በእንግሊዝኛ "የጠየቁት ፋይል የለም" ይላል። ድረ ገጹ "የለም" የሚል ደብዳቤ ሲሰጠኝ፣ ስክሪፕቴ ደብዳቤውን ሁሉ ፎቶ የሚል ስም እየለጠፈ ሲከምር ነው የቆየው። አምስት መቶ "የለም"! ፊቴ ጋለ።

"ምነው?" አለች ሰዓዳ።

"ትንሽ ነገር ናት፤ አሁን አስተካክላታለሁ" አልኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርድ ነበር።

ስክሪፕቱ ከመቀበሉ በፊት ይዘቱ እውነተኛ ፎቶ መሆኑን እንዲያይ፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ቀን እንዲያልፍ አደረግኩት። እንደገና አስነሳሁ። አሁን እውነተኛ ፎቶ መጣ። የመስቀል ደመራ! ቀጥሎ አንድ ሙሽራ። ጋሽ ወልዴ በጆሯቸው ያዩ ይመስል "ምንድን ነው? ማን ነው?" ይላሉ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስልሳ ያህል ከመጣ በኋላ ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። ድረ ገጹ አባረረኝ። ብሞክረው ብሞክረው በሩን አይከፍትም።

ኪቦርዱን በጥፊ መታሁት። "ምን ሆነሽ ነው?" አለ ጋሽ ሸምሱ፤ ኪቦርዱ የእሱ ነው።

"አባረረኝ! ምንም ሳላደርገው! በሰከንድ አሥር ጊዜ ነው የጠየቅኩት እንጂ..."

ጋሽ ሸምሱ መነጽሩን አወለቀ። "አንድ ደንበኛ ሱቄ ገብቶ በአንድ ትንፋሽ የአርባ ዕቃ ዋጋ ቢጠይቀኝ፣ እኔም ሌባ ነው ብዬ አባርረዋለሁ። አንዱን ጠይቂ፤ ተንፍሺ፤ ከዚያ ሌላውን። ንግድ እንዲህ ነው።"

ይህን በኮሌጅ ሦስት ዓመት ማንም አልነገረኝም። በእያንዳንዱ ጥያቄ መሃል ሁለት ሰከንድ ዕረፍት አስገባሁና ግማሽ ሰዓት ታግሼ ስመለስ፣ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ እንደ ጨዋ ደንበኛ እየጠየቀ ይቀበል ጀመር። ጥቅምት ገባ፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ኔትወርኩ ያዘግማል፤ እኛ ከፊቱ አልተነሳንም። ምሳ እዚያው ፓስቲ በላን። ሰዓዳ ጫማ ልትገዛ የመጣችን ሴት "ነገ ነይ" ብላ መለሰቻት። ሐምሌ ሲደርስ ሁላችንም ቆመን ነበር። እያንዳንዱን ፎቶ ሰዓዳ አፍንጫዋን እስክሪኑ ላይ አስደግፋ ታያለች፤ "አይደለም... አይደለም... አይደለም።" ነሐሴ ገባ። ቡሄ አለፈ፤ ሻደይ የያዙ ልጃገረዶች አለፉ። ነሐሴ ሠላሳ። ስክሪፕቱ "ተፈጸመ" ብሎ ቆመ።

አራት መቶ ምናምን ፎቶ። ሰይድ የለም።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ ያ ነው የባሰብኝ። የሂክማን ነጠላ ጫማ እያስተካከለች፣ "ትዕግሥትዬ፣ ደክመሽልናል። አላህ ይስጥሽ" አለች። ሂክማ ግን እኔን ነበር የምታየው። ባልናገር ኖሮ ብዬ ራሴን ረገምኩ። ምን አናገረኝ?

"አንስቼዋለሁ! እንዴት ይጠፋል?" አሉ ጋሽ ወልዴ፤ በትራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። "ካሜራዬ እንዳይበሰብስ በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያነሳሁት። እሱ መኪናውን ያጥባል፤ 'በዚህ ዝናብ መኪና ይታጠባል ወይ?' ስለው፣ 'ውሃው በነፃ ነው ጋሼ' አለኝ። ልጆቹ ደግሞ ዙሪያውን ራቁታቸውን ይጨፍራሉ፤ ጸበላቸው ነዋ..."

"አዎ! ልጆቹ!" አለች ሰዓዳ። "እኔም 'ብርድ ይገድላቸዋል፣ እናት የላቸውም ወይ' ብየው፣ 'ተያቸው፣ ዛሬ ቀናቸው ነው፣ እንዲያድጉ ነው' አለኝ።"

ወደ ጋሽ ወልዴ ዞርኩ።

"የምን ጸበል ነው ጋሽ ወልዴ?"

"የሩፋኤል ነዋ! የሀገሩ ሰው አይደለሽም እንዴ?"

የሩፋኤል! ጳጉሜ ሦስት! ሰማይ ተከፍቶ የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ በየዓመቱ እናቴ ደጅ ገፍታ ያስወጣችኝ፣ አፌን ከፍቼ የዘለልኩበት ቀን! ሠላሳ አንድን ሠላሳ ያደረግኩ ጉረኛ፣ አሥራ ሁለትን እንዳለች ትቻታለሁ። በዚህ ሀገር ተወልጄ፣ በዚህ ሀገር ዝናብ ተጠምቄ፣ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጌ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት! ጳጉሜን እንደ ደሞዝ ከፋይ መሥሪያ ቤት ከቁጥር አስወጣኋት።

"አሥራ ሦስት!" ብዬ ጮህኩ። "አሥራ ሦስተኛው ወር! እዚያ ነው ያለው!"

አንዷን ቁጥር ቀየርኩ። አስቀመጥኩ። አስነሳሁ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ሆኜ ጮኼ አላውቅም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃያ ነው። ጋሽ ሸምሱ ግን፣ ያ ለአንድ ገጽ ኮፒ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ነቅሎ ታቀፈው። "ሞገስ ጄኔሬተር አለው! እስክሪኑን ያዢ!"

ሞገስ ሦስት ሱቅ አልፎ ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሩጫ ሄድን፤ ጋሽ ሸምሱ ሳጥኑን፣ እኔ እስክሪኑን፣ ሰዓዳ ኪቦርዱንና የኢንተርኔቷን ዶንግል፣ ሂክማ ማውሱን በጅራቱ ይዛ፣ ጋሽ ወልዴ በበትራቸው እየተጣደፉ። ያየን ሁሉ ሱቅ የዘረፍን መስሎት ዞሮ ያየናል። ሞገስ አንድ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ እየላጨ ነበር። ግማሽ ራሱ ንጹሕ፣ ግማሹ ጎፈሬ።

"ጄኔሬተሯ ትንሽ ናት" አለ ሞገስ ነገሩን እየተቻኮልን ከነገርነው በኋላ። "ሁለቱን አትችልም። ወይ ማሽኔ ወይ ኮምፒውተራችሁ።"

ሁላችንም ሰውየውን አየነው። "ሰርቪሴ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ያልፋል" አለ። "እንዲህ ሆኜ ሥራ ልግባ?" ከዚያ ሂክማን አየ። ማውሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛለች።

"የማን ፎቶ ነው ያላችሁት?"

"የአባቴ" አለች እሷ።

ሰውየው ፎጣውን ከአንገቱ ላይ አወለቀና ራሱ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው። "ሰካው ወንድሜ። ኮፍያ አለኝ።"

አሥራ አንድ ከአርባ ሁለት ላይ ኮምፒውተሩ ተነሳ። ዶንግሏ ቀይ ብልጭ፣ ቀይ ብልጭ ትላለች። "አረንጓዴ ሁኚ እንጂ እናትዬ!" እላለሁ። አረንጓዴ ሆነች። ስክሪፕቱን በቀጥታ ከአሥራ ሦስተኛው ወር አስጀመርኩት። ጳጉሜ 1፤ ሁለት ፎቶ፣ የበግ ገበያ። ጳጉሜ 2፤ ምንም። ጳጉሜ 3፤ የመጀመሪያው ወረደ። ከፈትኩት። ዝናብ! ሌንሱ ላይ የውሃ ጠብታ፣ መሬቱ ጭቃ፣ አየር ላይ የተንሳፈፉ ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች! ሞገስ "ይሄኛው እኮ የጎረቤታችን የጥላሁን ልጅ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም ልጆች ናቸው።

ስክሪፕቱ ሥራውን ይቀጥል ብዬ፣ እኔ መጠበቅ አቅቶኝ ሦስተኛውን በብሮውዘር ከፈትኩት። ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭን እየተገለጠ መጣ። መጀመሪያ ግራጫ ሰማይ። ከዚያ የመብራት እንጨት ጫፍ። ከዚያ የአይሱዙ ጣሪያ።

"የእሱ ነው" አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ አልወጣም፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት።

ቆመ። ጄኔሬተሯ ታጓራለች፤ ፎቶው ግን ጣሪያው ላይ ቀርቷል። የፋብሪካው ሰው ሰርቪሱ ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማና አልተንቀሳቀሰም። ፎቶው እንደገና ወረደ። እርጥብ ፀጉር። ግንባር። ዓይን። አንድ ወጣት ሰው፣ የመብራቱን እንጨት ተደግፎ፣ በእጁ የመኪና መጥረጊያ ጨርቅ ይዞ፣ ዝናቡ እየወረደበት በሙሉ ጥርሱ ይስቃል። እንጨቱ ላይ ቁጥር የተጻፈባት የቆርቆሮ ሰሌዳ በምስማር ተመታለች፤ ልክ በጆሮው ትክክል።

ሰዓዳ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጋሽ ወልዴ "መጣ? መጣ ወይ?" ይላሉ። በመጨረሻ የመለሰላቸው ያ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ነው፤ እንባውን በሞገስ ፎጣ እየጠረገ። "መጥቷል አባቴ። ይስቃል።"

ሂክማ ወንበሩ ላይ ወጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። እኛ ሁላችን እሷን እናያለን። "እማ፣ ይሄ ነው?" አለች።

"እሱ ነው። አባትሽ ነው።"

ከዚያ ያደረገችውን ማናችንም አልጠበቅንም። ወርዳ ወደ በሩ ሄደች። ወደ ውጭ ተመለከተች፣ ወደ እስክሪኑ ዞረች፣ እንደገና ወደ ውጭ። እኛ ስንቱን ዓመት በአጠገቡ አልፈን ያላስተዋልነውን እሷ አየች። መንገዱ ኮብልስቶን ሆኗል፤ እንጨቱ ግን ያው ነው፤ ቆርቆሮዋም እዚያው ናት። ሂክማ ተሻግራ ሄዳ አባቷ በቆመበት ቦታ ጀርባዋን ለእንጨቱ ሰጥታ ቆመች። ቆርቆሮዋ ከራሷ በላይ ሩቅ ነበረች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ያንኑ አድራሻ ደግሜ ጻፍኩ። "የጠየቁት ፋይል የለም" አለኝ። በእጃችን ግን የጳጉሜ ሦስት አሥራ አንዱም ፎቶ ገብቶ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ መተዳደሪያዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እዚህ ያደረሰኝ ዲግሪዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ከዚያ ቅዳሜ በፊት እውቀት ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን መቅዳት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ቦታ ተቃንቼ ሦስተኛው ላይ የወደቅኩት የገዛ አገሬን ዓመት ለመቁጠር ሌላ ሰው የሰጠኝን ቁጥር አምኜ ነው። ያቃናኝ ደግሞ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ አንዲት ጫማ ሻጭ ናቸው። አሁን ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሬ በፊት የነገሩን ባለቤቶች አስቀምጬ አናግራለሁ፤ "ዝናብ ነበር? ልጆቹ ምን ያደርጉ ነበር?" እስከማለት። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እናንተም ፍለጋችሁ ባዶ ሲሆንባችሁ የጠፋው ነገር የለም ከማለታችሁ በፊት እስከ ስንት እንደቆጠራችሁ እዩ።

ጋሽ ወልዴ በዓይናቸው ላይ የነበረውን ሞራ አስወግደው ፎቶውን ራሳቸው ለማየት በቅተዋል፤ "ትንሽ ወደ ግራ ማለት ነበረብኝ" ብለው ራሳቸውን ተቹ። ጋሽ ሸምሱም ዲግሪዬን በእርግጥ ላሚኔት አደረገልኝ፤ በነፃ።

ሂክማ በየዓመቱ ጳጉሜ ሦስት፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ ያን እንጨት ተደግፋ ትቆማለች። እኔ አነሳታለሁ። ሙስሊም ናት፤ የሩፋኤልን ጸበል ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይካፈለዋል፤ እንደሚያሳድግም ታምናለች። አሁን ትልቅ ልጃገረድ ሆናለች፤ ባለፈው ጳጉሜ ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ ስጠብቃት፣ ፀጉሯን ከዝናብ እያራገፈች መጥታ ቆመች፤ ከዚያም እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ እንጨቱ ለካች።

ቆርቆሮዋን አልፋታለች።